ለቀይ ሴት የሚሆን ቀለም

ጋምቤላ ክልል በሆነች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በከተማዋ ሥራ ፈትቶ የማያውቅ ሰው ቢኖር አኳይ ኡጁሉ ነበር። መምሪያ የነበረው ቢሮ ሲባል፣ ቢሮ የነበረው ለሁለት ሲከፈል፣ የሁሉም ታፔላ እንደገና ይጻፋል፤ አኳይ ደግሞ ታፔላ ጸሐፊ ነው። ብሩሹንና ጣሳዎቹን ብስክሌቱ ላይ አስሮ ሲያልፍ ያየው ሁሉ «ዛሬ ደግሞ ማን ተሾመ?» እያለ ይተርበው ነበር።

ሩሐማ ተሰማ ግን ያወቀችው በታፔላ ምክንያት አልነበረም። ሩሐማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የኬሚስትሪ መምህርት ናት፤ ከደብረ ብርሃን ተመድባ ከመጣች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። የላቦራቶሪውን የንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ምስጥ ስለበላው፣ ዳይሬክተሩን ለምና ለምና ግድግዳው ላይ እንዲጻፍላት አስፈቀደች። የሚጽፈው ሰው መጣ። እሷ ከመጽሐፉ ታነባለች፤ እሱ መሰላል ላይ ቆሞ ይጽፋል። እንዲህ እያሉ ሳምንት ሊሞላቸው ነበር።

አንድ ቀን አኳይ ብሩሹን እንደያዘ ቁልቁል ወደ እጇ ተመለከተ።

«ቲቸር፣ ይህ ቀለም ከየት መጣ?»

«የቱ?»

«ጥፍርሽ ላይ ያለው። በዚህ ከተማ የሚሸጠውን ቀለም ሁሉ አውቃለሁ። ይህን ግን አላውቀውም።»

ሩሐማ ጣቶቿን አጠፈች። «እኔ ነኝ የቀመምኩት» አለች፣ ሲኮርጅ እንደተያዘ ተማሪ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኒውላንድ ሰፈር ያለው የኢብራሂም ሱቅ የሚያመጣው ሦስት ዓይነት የጥፍር ቀለም ብቻ ነው፤ ደም የመሰለ ቀይ፣ የሳሙና አረፋ የመሰለ ነጭ፣ እና ምንም ቀለም የሌለው። ሩሐማ አንዳቸውንም አትወድም። ከሦስቱ ሌላ ማውጣት እንደሚቻል ግን ታውቃለች። ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳው ጥላ ሲሆን ትንሿን ጠረጴዛ ታወጣለች። የተሰባበረ አይሻዶ በማንኪያ ጀርባ አድቅቃ በአሮጌ የናይለን ካልሲ ትነፋለች። ዱቄቱን እንደ ኦቾሎኒ መሸጫ ባሾለችው ወረቀት ቀለም ወደሌለው ብልቃጥ ታወርዳለች። ከዚያ ከቀዩ በክብሪት እንጨት ጫፍ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። አንዲት ጠብታ ከበዛች የታሰበው ቀለም ቀርቶ ሌላ ይወጣል፤ ስለዚህ በዚያ ሰዓት ማንም ቢያናግራት አትመልስም። ሙቀቱ እንዳያወፍራቸው ብልቃጦቹን ከእንስራው ሥር፣ እርጥብ አሸዋ ላይ ትደረድራቸዋለች።

አኳይ ይህን ሁሉ መሰላሉ ላይ ተቀምጦ ሰማ።

«ከእኔ ቀለም ልስጥሽ። ሰማያዊ አለኝ፤ የመንግሥት ሰማያዊ።»

«የዘይት ቀለም ከዚህ ጋር አይስማማም። እንደ ተበላሸ ወተት ይቋጠራል።»

«ሞክረሽዋል?»

«አንድ ብልቃጥ ሙሉ አበላሽቼበታለሁ» አለች፤ አብረው ሳቁ። የዚያን ቀን ሠንጠረዡ ብዙም አልገፋም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አኳይ በረንዳዋ ላይ ብቅ አለ። ከኪሱ ሁለት ትናንሽ የብረት ፍሬዎች አውጥቶ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

«ቀለሙ ሥር ሥሩን ይዘቅጣል አላልሽም? እነዚህን ብልቃጡ ውስጥ ጨምረሽ ነቅንቂው።»

«ከየት አመጣሃቸው?»

«ከኩሽኔት።»

«ከምን ኩሽኔት? ብስክሌትህ የት አለ?»

«ቤት ቆሟል። በእግሬ ነው የመጣሁት።»

ሩሐማ ፍሬዎቹን ብልቃጡ ውስጥ ጨመረቻቸው። ብልቃጡን ስትነቀንቀው ብረቶቹ እንደ ትንሽ ቃጭል ጮኹ።

ከዚያ ወዲህ አኳይ ቅዳሜ ቀርቶ አያውቅም። ብዙ አያወራም። ወንበሩን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ እጇን ያያል፤ ቀና ስትል ወደ ማንጎው ዛፍ ይመለከታል። አብራት ቤት የተከራየችው ነርሷ ሙሉብርሃን ግን ዝም ማለት አይሆንላትም።

«አንቺ! ያ ታፔላ ጸሐፊ ዛሬም መጣ እኮ። ግቢያችን ውስጥ የምን ቢሮ ተከፍቶ ነው?»

«ቀስ በይ፣ ይሰማሻል።»

«ይስማ! እኛም ታፔላ ይጻፍልን እንጂ።»

ሙሉብርሃን ቀይ ናት። መንገድ ላይ ሰው ዞሮ የሚያያት ዓይነት ቀይ። ሩሐማ ጠይም ናት። ይህ ልዩነት ለሩሐማ አዲስ ነገር አልነበረም። ደብረ ብርሃን እንግዳ ሲመጣ «ቀይዋ ልጅ ውሃ ታቅርብልን» ይባላል፤ እህቷ ትነሳለች። ሽማግሌ ሲመጣም ስለ ቀይዋ ነበር የመጣው። ሩሐማ አልተጣላችበትም፤ እንዲያው ለመደችው። ሰው የለመደው ነገር የማያመው ይመስለዋል።

የሁዳዴ ጾም አጋማሽ ላይ ነበር። ሩሐማ በጾም ጥፍሯን አትቀባም፤ መቀመሙን ግን አልተወችም። አኳይ ያን ቀን ወንበሩን ወደ ግድግዳው አላስጠጋም።

«አንድ ቀለም ትቀምሚልኛለሽ? ለሴት ነው።»

ሩሐማ የክብሪት እንጨቷን አስቀመጠች። «ምን ዓይነት ሴት ናት?»

«ቀይ ናት» አለ። ትንሽ ቆየና «አንቺ ታውቂያታለሽ» ብሎ ጨመረ።

ከቤት ውስጥ ሙሉብርሃን ዩኒፎርሟን እያጠበች ስታዜም ይሰማ ነበር። አኳይ አንገቱን ደፍቷል። ሩሐማ ወደ በሩ ተመለከተች፤ ከዚያ ወደ እሱ፤ ከዚያ ወደ ብልቃጦቿ።

«መቼ ይድረስልህ?»

«ጾማችሁ ሲያልቅ፣ ከፋሲካ በኋላ። ያን ጊዜ ልነግራት አስቤአለሁ።»

«እሺ» አለች። ድምጿ እንዳልተለወጠ እርግጠኛ ነበረች።

ሆን ብላ የማያምር ቀለም መቀመም ትችል ነበር፤ ማንም አያውቅባትም። አላደረገችውም። የሙሉብርሃንን እጅ ይዛ፣ አውራ ጣቷ ላይ እየቀባች፣ በአሴቶን እያጠፋች፣ እንደገና እየቀባች ሦስት ቅዳሜ ፈጀች። መጀመሪያ የወጣው ቀዩ በዛበት፤ ሁለተኛው እጇን አመድ አስመሰለው። በመጨረሻ የበሰለ ወይን ጠጅ ቀለም ወጣ፤ በቀይ እጅ ላይ ሲያርፍ ቆዳውን የሚያበራ።

«ውይ ሩሐሚና!» አለች ሙሉብርሃን። «ለማን ነው ይሄ?»

«ላዘዘኝ ሰው።»

«እድለኛ ናት ያዘዘላት።»

«አዎ» አለች ሩሐማ፤ አሴቶኑንም ከደነችው።

የአባቷ ደብዳቤ ከመጣ ሁለት ወር ሆኖታል። «ክልል ተብሏል፤ ነገ የሚሆነውን እንጃ። እዚህ ቦታ ተገኝቶልሻል። የዝውውር ቅጹን እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ካላስገባሽ ለሌላ ይሰጣል» ይላል። እስካሁን መልስ ያልሰጠችው ለምን እንደሆነ ለራሷም ተናግራው አታውቅም። ከፋሲካ በኋላ ባለው ዓርብ ቅጹን ሞልታ ለዳይሬክተሩ ሰጠች። «ሰኞ ለትምህርት ቢሮ እልከዋለሁ» አሏት።

ቅዳሜ አኳይ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት።

«ይኸው። አለቀ።»

አኳይ አንስቶ ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረገው። ለረጅም ጊዜ አየው።

«እስቲ ተቀቢው።»

«እኔ?»

«ላየው።»

«በእኔ እጅ አያምርም። ለቀይ እጅ ነው የቀመምኩት። ልጥራትና ራስህ ስጣት፤ ውስጥ ናት።»

«ማን?»

«ሙሉብርሃን ናታ።»

«ሙሉብርሃን ምን ሆነች?»

«አኳይ፣ ለቀይ ሴት አላልከኝም?»

«ብያለሁ።»

«እና በዚህ ግቢ ቀይዋ ማን ናት?»

አኳይ የተጠየቀው ነገር ቀላል እንደሆነበት ሁሉ «አንቺ ነሻ» አላት።

«እኔ ጠይም ነኝ።»

«ጠይም ምንድን ነው?»

የሚያሾፍባት መሰላት። ፊቱን አየች፤ ማሾፍ አልነበረበትም።

«ጠይም ማለት... ቀይም ጥቁርም ያልሆነ ሰው ነው።»

«እኛ አኝዋዎች ጋ እንደዚህ የሚባል የለም። ከደጋ የመጣ ሁሉ ቀይ ነው። አንቺ ቀይ ነሽ፣ ዳይሬክተሩ ቀይ ነው፣ ኢብራሂም ቀይ ነው።»

«ከእኔ የጠቆረው ኢብራሂም!» ሩሐማ አፏን በእጇ ያዘች። «ይህን ቢሰማ ስኳር በነፃ ይሰጥሃል።»

«እኔን ጠራችሁኝ?» አለች ሙሉብርሃን ከውስጥ።

«አልጠራንሽም!» አሉ ሁለቱም በአንድ ድምጽ።

ከዚያ ሳቁ አለቀ። ከባሮ ወንዝ በኩል የሚመጣው ነፋስ የማንጎውን ቅጠል አንቀሳቀሰ። ሩሐማ ብልቃጡን ከእጁ ወሰደች፤ መልሳ አስቀመጠችው።

«ለእኔ ነበር?»

«ለአንቺ። ከአንቺ ቀለም የተሻለ ከየት አመጣለሁ? ለራስሽ ያማረሽን እንድትሠሪ፣ ከዚያ ከእኔ እንድትቀበይው ነበር ሐሳቤ። የገባሽ መስሎኝ ነበር። ስቀሽ 'እሺ' ትያለሽ ብዬ ስጠብቅ ሳትስቂ ስትቀሪ ፈራሁ። ግን መቀመሙን አልተውሽም፤ እኔም መምጣቱን አልተውኩም።»

«እኔ ደግሞ ዝውውር ጠይቄአለሁ» አለች ቶሎ ብላ፣ ካዘገየችው መናገር እንደሚያቅታት እያወቀች። «ወደ ደብረ ብርሃን። ቅጹ ትናንት ገብቷል፤ ሰኞ ይላካል። አባቴ ናቸው የፈለጉት። ስለ አንተ ብነግራቸው እሺ የሚሉ አይመስለኝም።»

አኳይ ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ ወደ እሷ ገፋ አደረገው።

«እኔ አባትሽን አላውቃቸውም። አንቺም እናቴን አታውቂያትም፤ እሷም እሺ አትል ይሆናል። ይህን ሁለታችንም መጠየቅ እንችላለን። የቅጹ ነገር ግን የአንቺ ነው። ቅሪ ብዬ አልለምንሽም፤ የቀረሽው በልመና እንዲሆን አልፈልግም።» ከወንበሩ ተነሳ። «ሰኞ ጠዋት የትምህርት ቤቱን ታፔላ እጽፋለሁ። በሩ ላይ ነኝ።»

ሩሐማ እሑድን እንዴት እንዳሳለፈችው አላስታወሰችም። ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች፤ ጠመኔ ያቆሸሸውን ልብሷን አጥባለች፤ ለአባቷ ደብዳቤ ጀምራ ትታለች። ማታውን ግን አንድ ነገር ተረዳች። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ የሌላ ሴት ነው ብላ እያመማት የሠራችውን ነገር አሳምራ ጨርሳለች። ያን የቻለ ሰው አባቱን መጠየቅ አያቅተውም።

ሰኞ በማለዳ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባች።

«ቅጹን ይመልሱልኝ ጋሼ።»

«ምን? ሰው ለደብረ ብርሃን እየተጋደለ!» ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «አባትሽስ ምን ይላሉ?»

«እሱን እኔ እጠይቃቸዋለሁ።»

ቅጹን በእጇ ይዛ ወጣች። አኳይ መሰላሉ ላይ ነበር፤ ወረቀቱን አየ፤ ፊቷን አየ፤ ወደ ሥራው ተመለሰ። ከሰዓት በኋላ ዳይሬክተሩ ወጥተው ታፔላውን ሲያነቡ «ትምህርት» ከሚለው ቃል መካከል አንድ ፊደል ጎድሎ አገኙት። «ይህ ሰው ዛሬ ምን ነካው!» እያሉ ሲቆጡ ሩሐማ በላቦራቶሪው መስኮት ሰማች።

በዚያው ሳምንት ሁለቱ ቴሌ ሄዱ። ወረፋ ይዘው አንድ ሰዓት ተኩል ተቀመጡ። ኦፕሬተሯ በአዲስ አበባ በኩል አዙራ፣ ጮኻ፣ እንደገና ጮኻ የአቶ ተሰማን መሥሪያ ቤት አገኘችላቸው። ሩሐማ ያሰበችውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተናገረች። ስሙን፣ ሥራውን፣ የአኝዋ ብሔረሰብ ልጅ መሆኑን፣ ቅጹን መመለሷን። ከዚያ ከመስመሩ ሹክሹክታ በቀር ምንም አልተሰማም። ተቋረጠ ብላ ፈራች።

«አባባ?»

«አለሁ» አሉ አባቷ። «አጠገብሽ አለ?»

«አለ አባባ።»

«ስጪው።»

አኳይ መነጋገሪያውን በሁለት እጁ ተቀበለ። ሩሐማ አባቷ የሚሉትን አትሰማም፤ የእሱን ብቻ ትሰማለች። «አቤት» አለ። «አዎ፣ እኔ ነኝ።» ቀና ብሎ ቆመ። «አኳይ። አባቴ ኡጁሉ ይባላል። የኡጁሉ አባት ቻም።» ቆመና አዳመጠ። «የቻም አባት ኡቻን።» ሩሐማ ገባት። አባቷ ሰባት ቤት የሚያስቆጥሩት ለጋብቻ ብቻ ነው። ለእህቷም ጊዜ እንዲሁ አስቆጥረዋል። ከወረፋው ያሉት ሰዎች ዝም ብለው ያዳምጡ ጀመር።

«የኡቻን አባት ኡቦንግ» አለ አኳይ፤ ከዚያ «ሃሎ?... ሃሎ?» አለ። መስመሩ ተቋርጧል።

«ስንተኛው ላይ ነበርክ?»

«አምስተኛው ላይ።»

«ተቆጡ? ምን አሉህ?»

አኳይ መነጋገሪያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«'ቀስ ብለህ ቁጠር፣ እየጻፍኩ ነው' አሉኝ።»

ሩሐማ ወደ መስኮቱ ሄደች።

«እህቴ፣ ደብረ ብርሃንን እንደገና ታገኚልን?» አለቻት ኦፕሬተሯን። «ሁለት ስም ቀርቶናል።»