በአንድ ቀን የተቀዱ ሦስት እሁዶች

ከቤሩት አውሮፕላን ማረፊያ ብዙ ሳይርቅ፣ ቡርጅ ኤል ባራጅነህ ውስጥ፣ መኪና በጭንቅ የሚያልፍበት አንድ ጠባብ መንገድ አለ። በዚያ መንገድ ዳር ባለ ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሉሊትና ዘቢባ አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። በሥጋ አይዛመዱም፤ ግን ሁለቱም የወሎ ልጆች ናቸው። ሁለቱም ከመጀመሪያ አሠሪያቸው ቤት ፓስፖርታቸውን ትተው የወጡ፣ ከዚያ ወዲህ ያለ ወረቀት በየሰው ቤት እየዞሩ በማጽዳት የሚኖሩ ናቸው። አውሮፕላን በጣሪያቸው ላይ ዝቅ ብሎ ባለፈ ቁጥር የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል። ዘቢባም ቀና ብላ፣ «ያላ፣ ባዶ ወንበር ካለ እኛንም ጫኑን!» ትላለች። ሉሊት ትስቃለች። ከሳቋ በኋላ ግን አውሮፕላኑን በዓይኗ ትሸኛለች... አውሮፕላን ባየች ቁጥር የምታስበው አንድ ሰው ነበርና።

ያ ሰው እናቷ ወይዘሮ ባንቺ ናቸው። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ከመጨረሻ ልጃቸው ከውድነህ ጋር ይኖራሉ። የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ ዓይናቸውን ካጡ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። ሉሊት ቤሩት ከመጣች ደግሞ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እንግዲህ ፎቶ ብትልክ የማያዩ፣ በቪዲዮ ብትደውል መልኳን የማይለዩ እናት ልጃቸውን በምን ያውቋታል? በድምጿ ብቻ! በየእሁዱ ከቅዳሴ መልስ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ይጠብቃሉ። ሉሊትም ድምጿን አሳምራ፣ «እማ፣ ደህና ነኝ!» ትላለች። ታማ ስትደውል «ደህና ነኝ»፤ ከሥራ ተባርራ ስትደውል «ደህና ነኝ»። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን በስልክ አልቅሳ አታውቅም። ሰፈሩ በቦምብ በተደበደበበት ሰሞን እንኳ ፍንዳታው በስልኩ ተሰምቶ እናቷ ቢጮኹ፣ «ርችት ነው እማ፣ ሠርግ አለ» ብላቸዋለች። ይህን ስትል ከሰፈሩ ሸሽታ፣ በባሕሩ ዳርቻ አስፋልት ላይ፣ ከዘቢባ ጋር በአንድ ብርድ ልብስ ተጠቅልላ ነበር።

ሉሊት አብዛኛውን ቀን የምትሠራው ጃል ኤል ዲብ የሚባል ሰፈር፣ ማዳም ጆርጄት የሚባሉ አሮጊት ቤት ነው። ማዳሟ ክፉ ሴት አልነበሩም። ክፉው መብራቱ ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር አሳንሰሩ ይቆማል፤ የመጠጥ ውኃ በጋሎን ተሸክሞ ሰባት ፎቅ መውጣት የሉሊት ድርሻ ነው። ዓመታት እንዲህ አለፉ። ከዕለታት አንድ ቀን አንገቷ ላይ የጀመረው ሕመም በቀኝ ትከሻዋ ወርዶ እስከ አውራ ጣቷ ድረስ እንደ ኤሌክትሪክ ነዘራት። ከዚያ ወዲያ እጇ እየደነዘዘ ሄደ፤ የምታጥበው ሳህን ከጣቶቿ እየሾለከ ይሰበር ጀመር። «ማዳሜ፣ ፓርዶን... እኔ አይደለሁም፤ እጄ ነው» ስትላቸው አሮጊቷ አልተቆጡም፤ ፈሩ። ሐኪም የሆነውን የወንድማቸውን ልጅ ለመኑላት፤ እሱም ያለ ወረቀት ሊያክማት ተስማማ። የሕክምናውን ወጪ የአገር ልጆች አዋጡ።

ሐኪሙ የአንገቷን ፎቶ እያሳየ አስረዳት። በሁለት አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግለው ዲስክ ሾልኮ ነርቯን ተጭኗል። መንገዱ ሁለት ነው። አንዱ፣ የተበላሸውን ዲስክ አውጥቶ ሁለቱን አጥንቶች ማጣበቅ፤ ሌላው፣ በቦታው የሚንቀሳቀስ ሰው ሠራሽ ዲስክ መተካት። ሉሊት አጥንቷ የተጣበቀላትን አንዲት ሴት ታውቅ ነበር፤ አንጠልያስ ሰፈር ፀጉር የምትሠራውን እሙሽን። ሄዳ ጠየቀቻት።

«ሕመሙ ኸላስ፣ ጠፍቷል፤ አልዋሽሽም» አለቻት እሙሽ። «ግን እኔን ሁለት ቦታ ነው ያጣበቁኝ። ሰው ከኋላዬ ሲጠራኝ እንደ ካሚዮን ሪቨርስ አድርጌ ነው የምዞረው!»

ሁለቱም ሳቁ። ሉሊት ግን ወደ ቤቷ ስትመለስ በሰርቪስ ታክሲው ውስጥ አንገቷን ይዛ አሰበች። ኮርኒስ የምትጠርግ፣ የመስኮት ጫፍ የምትወለውል ሴት ቀና ሳትል እንዴት ትኖራለች? የተበላሸው አንድ ዲስክ ብቻ ስለሆነ ሐኪሙም የሚተካውን መከራት። «የምንገባው በአንገትሽ ፊት ለፊት ነው» አላት። «ለጊዜው መዋጥ ሊያስቸግርሽ ይችላል፤ ድምፅሽም ሊጎረንን ይችላል።» ሉሊት «ኦኬ ዶክቶር» አለች። ልቧ ግን «እጅሽ ይድናል» ባላት ላይ ቀርቶ ነበር።

«ለእማ እንዳትነግራት» አለችው ውድነህን በስልክ።

«እትዬ፣ እሁድ ካልደወልሽ ምን ልበላት?»

ለዚህም ዘዴ አገኘች። ቀዶ ሕክምናው ማክሰኞ ነው። ሰኞ ከሰዓት በኋላ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ ለሦስት እሁድ የሚሆኑ ሦስት መልእክቶችን አከታትላ በድምጿ ቀዳች። «ኔትወርክ አስቸግሮኝ ነው እማ... ደህና ነኝ... መድኃኒትሽን ውሰጂ...» በመስኮቱ ሥር አሮጌ ብረት የሚገዛው ፒካፕ በድምፅ ማጉያው «ሐዲድ! ባታሪያት!» እያለ በዝግታ ያልፍ ነበር። በየቀኑ የሚያልፍ ስለሆነ ሉሊት ልብ አላለችውም።

ከማደንዘዣው ስትነቃ በመጀመሪያ አውራ ጣቷን በአንሶላው ላይ አሸችው። ተሰማት! ያ የሞተ ጣት ጨርቁን ለየው! ፈጣሪዋን ለማመስገን አፏን ከፈተች... ከጉሮሮዋ የወጣው ግን ሲር የሚል ነፋስ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ወደ ቤት ተመለሰች። ከባድ ነገር እንዳታነሺ፣ በዝቅተኛ ትራስ ተኚ፣ በየቀኑ ተራመጂ፣ አንገትሽን ቀስ እያልሽ አንቀሳቅሺ፤ የሐኪሙ ትእዛዝ ይኸው ነበር። ግን ፍርሃት ያዛት። ከአንገቷ ውስጥ «ቀጭ» የሚል ድምፅ በሰማች ቁጥር ባለችበት ትደርቃለች። ዲስኩ ቢንሸራተትስ? ተኝታ ሳለ ቢወጣስ? ስታስነጥስ እንኳ በሁለት እጇ አንገቷን ትይዛለች። አጥሚት ስትውጥ እንባዋ ይመጣል። ዘቢባ ከሥራ ስትመለስ በግድግዳው ዳር እንደ እንጨት ቀጥ ብላ ተቀምጣ ታገኛታለች።

«ወላሂ፣ እንቁላል የታቀፈች ዶሮ መስለሻል» ትላታለች። «ዙሪ እንጂ! ያኒ፣ የሚዞረውን አስገብተሽ የማትዞሪ ከሆነ እንደ እሙሽ ለምን አላጣበቁሽም?»

ሉሊትም እየፈራች ወደ ቀኝ፣ እየፈራች ወደ ግራ ትዞራለች። እንዲህ እያለች አንገቷ መፍታታት ጀመረ፤ እጇም ቀን በቀን ጠነከረ። ድምጿ ግን አልመጣም። አንድ ሳምንት... ሁለት ሳምንት... ሦስት... የሚወጣው እንደ ሽማግሌ ሹክሹክታ የሻከረ፣ ከሉሊት ጋር ምንም የማይመሳሰል ነገር ነበር።

በሦስተኛው እሁድ፣ ሐይቅ ከተማ፣ ወይዘሮ ባንቺ የመጨረሻውን መልእክት ሰምተው ስልኩን ከጆሯቸው አነሱ። ከዚያ «ሦስቱንም በተራ አሰማኝ» አሉት ውድነህን። አሰማቸው። ደግሞ አሰማቸው።

«ያ የሚጮኸው ሰውዬ» አሉ ቀስ ብለው፣ «በመጀመሪያው ከሩቅ ይመጣል። በሁለተኛው ከደጇ ደርሷል። በሦስተኛው እየራቀ ይሄዳል። ውድነህ... ይኸ ሦስት እሁድ አይደለም። አንድ ቀን ነው።»

ውድነህ የሚለው ጠፋው። ያ ዝምታው ለእናቱ መርዶ ሆነ።

«ልጄ ሞታለች» አሉ።

በእኛ አገር ሞት እንዴት እንደሚደበቅ ወይዘሮ ባንቺ ሳያውቁ ቀርተው ነው? ባላቸው ሲሞቱ ራሳቸው ከሉሊት ስምንት ወር ደብቀዋል! «አባትሽ እርሻ ወርዷል፤ አባትሽ ተኝቷል» እያሉ። ታዲያ ዛሬ በእሳቸው ላይ ሲደረግ ለምን አይለዩት? ውድነህ ደንግጦ እውነቱን ተናገረ፤ ወዲያው ወደ ቤሩት ደውሎም ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረገ። ሉሊት ያላትን ትንፋሽ ሁሉ አጠራቀመች።

«እማ... እኔ ነኝ... ሉሊት።»

«አንቺ ልጅ» አሉ ወይዘሮ ባንቺ፤ ድምፃቸው የሚያስፈራ እርጋታ ነበረው። «የማን ልጅ እንደሆንሽ አላውቅም። አዝነሽልኝ ነው፤ እግዜር ይስጥሽ። የልጄን ድምፅ ግን አውቀዋለሁ። የት እንደቀበራችኋት ብቻ ንገሪኝ።»

«እማ... ታምሜ ነው... አንገቴን...»

«ተይ ልጄ... ተይ።» ስልኩ ተዘጋ።

ወይዘሮ ባንቺ ጥቁር ለበሱ። መሬት ላይ ተቀመጡ። እህል አልቀምስም፣ የስኳር መርፌም አልወጋም አሉ። ውድነህ እግራቸው ላይ ወድቆ «በሕይወት አለች!» ብሎ ቢምል፣ «አባትህ የሞተ ጊዜም ለእሷ እንዲሁ ምለሃል» ብለው መለሱለት። ጎረቤት ተሰበሰበ። ውድነህ ግራ ቢገባው ለሉሊት ደውሎ ስልኩን በመካከላቸው አስቀመጠው፤ ሉሊትም ቡርጅ ኤል ባራጅነህ ተቀምጣ የገዛ ለቅሶዋን ሰማች። እናቷ ስሟን እየጠሩ፣ ልጅነቷን እያነሱ፣ «ባዕድ አገር ማን ዓይንሽን ከደነልኝ?» ሲሉ ሰማች። በሕይወት ያለ ሰው እንዲህ ያለውን ሰምቶ እንዴት ይችለዋል? «አለሁ! አለሁ እማ!» ብላ ጮኸች። ጩኸቷ ግን ከክፍሏ በር አላለፈም።

ወደ ሐኪሙ ሮጠች። ሐኪሙ ጉሮሮዋን አይቶ፣ የድምጿ ነርቭ ተወጥሮ ደክሟል እንጂ አልተቆረጠም፤ ይመለሳል አላት። «መቼ?» ብላ ጠየቀችው። «ሳምንታት... ምናልባት ወራት።» ወራት! ውኃ ብቻ እየጠጡ ያሉ እናቷ ወራት ከየት ያመጣሉ? አውሮፕላኑ በየሰዓቱ በጣሪያዋ ላይ ያልፋል፤ እሷ ግን ፓስፖርት የላትም። ማር በሙቅ ውኃ ጠጣች። እየደወለች በልጅነቷ የተቃጠለችበትን ቦታ፣ የሞተች ፍየላቸውን ስም ነገረቻቸው። «ለጓደኞቿ አጫውታቸው ይሆናል» አሉ እናቷ።

በስምንተኛው ቀን ውድነህ ከደሴ ሆስፒታል ደወለ። «እትዬ፣ እየደከመች ነው። ኩላሊቷ ተጎድቷል አሉኝ። መርፌውን አሁንም እምቢ ብላለች። አንድ ነገር በያት...»

ሉሊት ስልኩን ያዘች። ምን ትበል? ያላለችው ምን ቀረ? «እንዳታለቅሺ፣ ቁስልሽ!» አለቻት ዘቢባ ከጎኗ። ሉሊት ግን ከዚያ በላይ አልቻለችም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከ«ደህና ነኝ» ጀርባ የተከማቸው ልቅሶ ፈነዳ። ሦስት ጊዜ ወደ ውስጥ ተንሰቀሰቀች... ከዚያ ትንፋሿ ቆመ። ድምፅ የለም። ምንም የለም።

ሉሊት ሕፃን ሳለች ስታለቅስ እንዲህ ነበረች። ሦስቴ ተንሰቅስቃ ትንፋሿ ይቆማል፤ እናቷ በድንጋጤ ብድግ አድርገው ፊቷ ላይ እፍ ሲሉባት ብቻ ነበር የምትመለሰው።

ከደሴ አልጋ ላይ፣ በስልኩ ውስጥ፣ የደከመ ትንፋሽ መጣ።

«እፍ...» አሉ ወይዘሮ ባንቺ። «እፍ... እፍ... ተንፍሺ ልጄ! ተንፍሺ የኔ ሉሊት! ውድነህ፣ እሷ ናት! ይኸ ልቅሶ የልጄ ነው... ምን አደረጉብኝ? ድምፅሽን ምን አደረጉብኝ?»

ሉሊት ተነፈሰች። በዚያች ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ለእናቷ እውነቱን ነገረች፤ የጋሎኑን፣ የእጇን፣ የአንገቷን፣ የ«ርችቱን» ሳይቀር። ወይዘሮ ባንቺ መርፌያቸውን ተወጉ፤ እህልም ቀመሱ። ኩላሊታቸው ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ተደዋወሉ። ከቀዶ ሕክምናው በስድስተኛው ሳምንት የተነሣችው ራጅ ዲስኩ በቦታው መሆኑን፣ ቀና ስትልና ስታጎነብስ አብሯት እንደሚታጠፍ አሳየ። ድምጿም እንደ ንጋት ቀስ እያለ ይመለስ ጀመር። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር እናቷ በስልኩ ይሰሙና፣ «ይኸኛው ነው አንቺን የሚያመጣልኝ?» ይላሉ።

«አይደለም እማ። የመመለሻ ወረቀቴ አላለቀም። መቼ እንደሚያልቅም አላውቅም።»

«እሺ... እውነቱን ነገርሽኝ።»

እውነቱን ከነገረቻቸው በአራተኛው ወር፣ አንድ ሐሙስ ማለዳ፣ ውድነህ ደወለ። ሽማግሌ አልተሰበሰበም፤ ዘመድም አልተላከም። ሉሊት ምንም እንዳይደብቃት አስምላው ነበርና።

«እትዬ... ቁጭ ብለሻል?»

«ቁጭ ብያለሁ።»

«እማ ንጋት ላይ አረፈች። አልደበቅኩሽም።»

ስልኩ ከእጇ አልወደቀም። ያ ሳህን እንኳ መያዝ አቅቶት የነበረው እጅ አጥብቆ ያዘው። ሉሊት ጮኸች፤ ድምጿ ሙሉ ሆኖ፣ ጠርቶ፣ ከመስኮቱ ወጥቶ ጠባቡን መንገድ ሞላው... ያን ድምፅ ሲናፍቁ የነበሩት ጆሮዎች ግን ላይሰሙት ተዘግተዋል። ሦስቴ ተንሰቀሰቀችና ትንፋሿ ቆመ። ዘቢባ እየሮጠች መጥታ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። «እፍ...» አለችባት እያለቀሰች። «እፍ... ተንፍሺ እህቴ።»

በዚህ ታሪክ ማንን እንውቀስ? ሐኪሙ አስጠንቅቋል፤ ማዳሟ ረድተዋል፤ ልጅ እናቷን፣ እናትም ልጇን ላለማስጨነቅ ደብቀዋል። ሁሉም ያደረገው ከፍቅር ነበር። ዕጣ ግን ከዚያው ከፍቅራቸው ውስጥ መንገድ አገኘች። ለሉሊት የቀሩላት አራቱ ወራት፣ ያልተዋሸባቸው አራቱ ወራት ብቻ ናቸው።

አውሮፕላን መጣ። መስታወቱ ተንቀጠቀጠ። ሉሊት በእንባ እንደራሰች አንገቷን ቀና አደረገች፤ ያለ አንዳች ሕመም ቀና አለላት። ወደ ላይ እያየችም፣ አሁን ማንም ሳይጠይቃት፣ «ይኸኛውም አይደለም እማ» አለች።