የማቲ ግራ ጉንጭ

«ኧረ ትዕዛዝ! ሰይጣን አደረግሽው እኮ!» አለች ጓደኛዋ ሃይሚ።

ትዕዛዝ እርሳሷን አቆመች። ወረቀቱ ላይ ኢየሱስ አንድን ወጣት እጁን ይዞ ከመቃብር ያወጣዋል። ወጣቱ ወንድሟ ማቲ ነው፤ ከሞተ ስምንት ወሩ። ሥዕሉ ነገ ለሥዕል ክበቡ ኤግዚቢሽን መግባት አለበት።

«ምኑ ነው ሰይጣን?»

«ዓይኑ! እኛ ቤተ ክርስቲያን ጻድቃን ፊት ለፊት ነው የሚሳሉት፣ በሁለት ዓይን። እንዲህ በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳለው ሰይጣንና ክፉ ሰው ነው። ይሁዳ ራሱ እንደዚህ ነው።»

«እኛ ቸርች ግድግዳው ነጭ ቀለም ብቻ ነው። በምን ልወቅ?»

ሃይሚ ሳቀች፤ ወዲያው አፏን ያዘች። «ይቅርታ። በቃ ፊቱን አዙሪዋ።»

ትዕዛዝ ስልኳን ከፍታ አሳየቻት። በሁሉም ፎቶ ላይ የሚታየው የማቲ ቀኝ ጎን ብቻ ነው። ሕፃን ሳለ የፈላ ውኃ ግራ ጉንጩን አቃጥሎት፣ የዓይኑ ቆብ ወደ ታች ተጎትቶ ቀርቷል። ካሜራ ሲያይ ይዞራል። ባጃጁን ሲነዳ እንኳ በግራው በኩል ሰው እንዲቀመጥ አይወድም ነበር።

«ታዲያ ያለ ጠባሳ ሳይዋ። ትንሣኤ አይደል?»

ሞከረች። ጉንጩን አለሰለሰችው፣ ዓይኖቹን እኩል አደረገቻቸው። አንድ ቆንጆ ልጅ ከወረቀቱ ላይ አያት።

«አላውቀውም» አለችና በላጲስ አጠፋችው።

ሃይሚ የላጲሱን ፍርፋሪ ከወረቀቱ ላይ ጠረገች። «ጌታ ሲነሣ እኮ የችንካሩ ምልክት እጁ ላይ ነበር።»

«እሱን እኛም እናነባለን፣ በናትሽ።»

ቤት ስትደርስ እናቷ ለራት የቦዬ ሥር እየላጠች ነበር። ከቀብሩ ወዲህ የማቲን ስም ጠርታ አታውቅም።

«እማዬ፣ የማቲ ጠባሳ ቅንድቡ ጋ ይደርስ ነበር?»

ቢላዋው ቆመ። እናቷ እጇን በነጠላዋ ጠረገችና በራሷ ግራ ጉንጭ ላይ ጣቷን ቀስ አድርጋ ወደ ላይ ሳበች።

«እዚህ ድረስ። ማቲ ሲስቅ ደግሞ እንዲህ ይጨማደዳል።»

ትዕዛዝ አዲስ ወረቀት አምጥታ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች። መጀመሪያ የተጎተተውን ዓይን ሳለች። እናቷ አንገቷን አስግጋ «ትንሽ ዝቅ አድርጊው» አለቻት፤ ዝቅ አደረገችው።

ማቲ ይህን ፊቱን ከሰው ሁሉ ሲደብቅ ኖሯል። ከእነሱ ግን ደብቆ አያውቅም።

ስልኳን አነሣችና ለሃይሚ ጻፈች፦ «ነገ ኤግዚቢሽኑ ላይ የኔን ሥዕል አትጠብቂ። እሑድ እኛ ቤት መጥተሽ እዪው።»