ሁለተኛዋ ፈራሚ

የኤክስሬይ ፊልም የያዘውን ትልቅ ፖስታ ደረቷ ላይ አስደግፋ ተቀመጠች። ፊልሙ የማን ሳንባ እንደሆነ አታውቅም። ከፊልሙ ጀርባ የለጠፈቻትን ጥፍር የምታህል ፍላሽ ግን አሳምራ ታውቃታለች።

የሆስፒታሉ መጠበቂያ አዳራሽ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ጢም ብሏል። የሚያስለው ያስላል፣ የሚያዛጋው ያዛጋል። ሰው ሁሉ የየራሱን ሕመም ይዞ ስለመጣ ማንም ማንንም አያይም። ለስለላ ከዚህ የተመቸ ቦታ ከየት ይገኛል!

የምስጢር ስሟ «ድርጭት» ነው። የአገሪቱን ሆስፒታሎች በሙሉ የሚያገናኘውን ሶፍትዌር ከሚሠሩት ፕሮግራመሮች አንዷ መስላ አሥራ አራት ወር ኖራለች። የተላከችው ለአንድ ነገር ነው፦ የሕሙማንን ማህደር አሾልኮ ሊያወጣ የተዘጋጀ ሰው አለ ተብሏል፤ እሱን እንድታገኝ።

አንድ ሽማግሌ ምርኩዙን ተደግፎ ከጎኗ ተቀመጠ። ትእዛዝ የሚሰጣት አለቃዋ ነው። «አጎት» ትለዋለች።

«ወረፋው ስንተኛ ደረሰ ልጄ?»

«የሚጠራው ሰውዬ ድምፁ አይሰማም።»

የይለፍ ቃሉ ገጠመ።

«ቀዳዳውን አገኘሽው?»

«ዛሬ ጠዋት። ስድስት ሰዓት ላይ ሲስተሙ ለአገሩ ሁሉ ሲከፈት አብሮ ይከፈታል። ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩትን ሰዎች ስም እየለቀመ ወደ ውጭ ይልካል።»

«ጎበዝ። ሲስተርን ለእኛ ተያት። አንቺም ሳታነቢ መፈረምሽን እንረሳልሻለን።»

ድርጭት ክው አለች።

ቀዳዳው በማን ስም እንደገባ አልነገረችውም። ማን እንደፈረመበትም ለማንም አልተነፈሰችም። ይህን ሁሉ የያዘችው ፍላሽ ገና ፖስታው ውስጥ ናት።

ታዲያ ከየት አወቀ?

በመሥሪያ ቤቱ አንድ ሕግ አለ። አንዱ የጻፈውን ፕሮግራም ሌላው መስመር በመስመር አንብቦ ካልፈረመበት አይገባም። ሕጉስ ሸጋ ነበር፣ ምን ያደርጋል! ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሁሉም «ያንተ ነው? በቃ» እያለ ዝም ብሎ ይፈርማል። ቀዳዳው የገባው በሥራ ባልደረባዋ በሲስተር ስም ነው። ድርጭትም የሲስተርን ስም ስላየች አንዲት መስመር ሳታነብ ፈርማ ወደ ምሳዋ ሮጣለች። ጠዋት ይህን ስታይ መሬት ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች።

አሁን ደግሞ ሌላው ትዝ አላት። ከሦስት ወር በፊት አጎት አንዲት ፍላሽ ሰጥቷት ነበር። «ሲስተርን የምንከታተልባት ናት፤ ኮምፒውተሯ ላይ ሰክተሽ ንቀያት።» ሲስተር እጇን ልትታጠብ ስትነሣ ሰካች፣ ነቀለች። የፈረመችበት ፕሮግራም በሲስተር ስም የመጣው በማግስቱ ነው።

ወይ ጉድ! ከአጎት በቀር የሚያሾልክ ሰው ከመጀመሪያውም አልነበረም፤ ሲስተር ማሳበቢያው ናት። ያስገባችውም፣ የፈረመችውም እሷው ናት።

«ፖስታውን» አለ አጎት እጁን ዘርግቶ።

«ቁጥሬ ተጠራ» ብላ ብድግ አለች።

አልተጠራም።

በመውጫው በር አጠገብ ግራጫ ሹራብ የለበሰ ሰውዬ ጋዜጣውን አጠፈ። ድርጭት ወደ መውጫው አልሄደችም። የኤክስሬይ ክፍሉን በር በርግዳ ገባች።

«ሴትዮ! ጨረር አለ እኮ! አብደሻል?» ባለሙያው ጮኸ።

በወዲያኛው በር ወጣች። ኩሽናውን፣ የልብስ ማጠቢያውን፣ የአምቡላንስ ማቆሚያውን አልፋ እግሬ አውጪኝ አለች። አንድ ታክሲ ያዘች። በሁለተኛው መንገድ ወርዳ ሌላ ያዘች። ቢሮ ስትደርስ አምስት ከሩብ ሆኗል።

ሲስተር ወንበሯ ላይ ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነበረች። አንድ ቀን የማይስማማት መድኃኒት የተወጋች ወጣት እናት እጇ ላይ ሞተችባት። መድኃኒቱ እንደማይስማማት የተጻፈበት ካርድ ሌላ ሆስፒታል መደርደሪያ ላይ ነበር። ሲስተር በአርባ ሁለት ዓመቷ ፕሮግራም መጻፍ የተማረችው ለዚህ ነው። «ይህን መድኃኒት እንዳትሰጥ» ብሎ በቀይ የሚጮኸው ማስጠንቀቂያ የእሷ ሥራ ነው።

«የት ጠፋሽ አንቺ ቀበጥ! በዛሬ ቀን ይጠፋል?»

ድርጭት ጎንበስ ብላ በአጭሩ ነገረቻት። የሲስተር ፊት ቀስ በቀስ ተለወጠ።

«አንቺ ማን ነሽ?»

«ሲስተርዬ፣ ጊዜ የለንም።»

«ማን ነሽ ነው ያልኩሽ!»

«ሰላይ ነኝ። አንቺንም እንድሰልል ነው የተላክሁት።»

«ምሳ አብረን ስንበላም?»

«ያኔም።»

ሲስተር ወንበሯን ከእሷ አራቀች። ድርጭት በአሥራ አራት ወር ውስጥ ከልቧ የወደደችው ሰው ቢኖር ይህችው ሴት ናት።

ድርጭት ማረሚያውን በአሥራ ሁለት መስመር ጻፈች። ስትጨርስ አምስት ሰዓት ከአርባ ሆነ። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ እንዲህ ብላ ሞላች፦ «ቀዳዳውን በሲስተር ኮምፒውተር፣ እሷ ሳታውቅ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሳላነብ የፈረምሁትም እኔ ነኝ።» እዚያ የተጻፈን ነገር ማንም መፋቅ አይችልም።

«ፈርሚልኝ።»

«አላነበብኩትማ።»

«ሲስተር!»

«የብልቃጡን ስም ሦስቴ ሳላነብ አንድም ሰው ወግቼ አላውቅም። አንቺን ደግሞ ገና ዛሬ ነው ያወቅሁሽ። ዝም በይ።»

ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ማንበብ ጀመረች። ምንም አልቸኮለችም።

ስልክ ጮኸ። አጎት ነው።

«ልጄ፣ ዳኛው፣ መኮንኑ፣ ጋዜጠኛው በድብቅ የሚውጡትን ክኒን ያወቀ ሰው አገር በእጁ ነው። ቀዳዳውን እንዳትነኪው። ከነካሽው የምትሰቀይው አንቺ ነሽ።»

«ስማቸው ከወጣ ሰዎቹ መድኃኒታቸውን ትተው ቤታቸው ይሞታሉ።»

«ይሙቱ።»

ዘጋችው።

በመስታወቱ በር በኩል ግራጫው ሹራብ ታየ። ከጥበቃው ጋር ይጨቃጨቃል። አንድ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው።

አምስት ሰዓት ከሃምሳ።

«ሰባተኛዋ መስመር ምንድን ናት?» አለች ሲስተር።

«የቱ?»

«ይቺ። ቀዳዳውን ስትዘጊ የእኔን ማስጠንቀቂያም አብረሽ ዘግተሻል። ብፈርምልሽ ኖሮ ነገ ስንቱን እንገድል ነበር!»

ድርጭት አየችው። እውነት ነው። በጥድፊያ አንድ ቃል ስታለች። ቃሉን አረመች። ሲስተር እንደገና ከመጀመሪያው አነበበች። ምክንያቱ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«ይሄ ከገባ አበቃልሽ።»

«አውቃለሁ።»

በሩ ተበርግዶ ተከፈተ።

ሲስተር ፈረመች፤ ማረሚያው ገባ። ለስድስት ሁለት ጉዳይ ነበር።

«ፖስታውን ተይልኝና በኋላ ደረጃ ሂጂ» አለች ፊቷን ሳታዞር። ከዚያ ተነሥታ በግራጫው ሹራብ ፊት ተገተረች። «አቤት! ማንን ፈለግህ? ጫማህን ጥረግ መጀመሪያ!»

ድርጭት ልታቅፋት ፈልጋ ነበር። አላቀፈቻትም።

ፖስታው ለመርማሪዎች ደረሰ። አጎት ግን ቀድሞ ተሰወረ፤ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ድርጭትን መርማሪዎቹም የአጎት ሰዎችም ይፈልጓታል።

ከሁለት ወር በኋላ፣ በአንዲት ሩቅ ከተማ የእንግዳ ማረፊያ አንሶላ የምታጥብ አንዲት ጠጉረ አጭር ሴት ትኩሳት ያዛት። ሦስት ቀን ታገለችው። በአራተኛው ጤና ጣቢያ ሄዳ ተሰለፈች።

ከመዝጋቢዋ ጀርባ አንድ ነርስ ብልቃጥ አንሥቶ ስክሪኑን አየ። ስክሪኑ ቀላ። ነርሱ «ተረፍን!» ብሎ ብልቃጡን መለሰና ሌላ አነሣ። አልጋው ላይ የተኛው ሕመምተኛ ምንም አላወቀም። ሴትዮዋ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ስም?» አለች መዝጋቢዋ። «ደግሞ ጣትሽን እዚች ላይ አድርጊ። አይዞሽ፣ አዲስ ነገር ነው። አንዴ ከተመዘገብሽ የትም ብትሄጂ ያውቅሻል።»

ሲስተሙ ገና ሲሞከር በመጀመሪያ የተመዘገቡት የፕሮግራመሮቹ የጣት አሻራዎች ነበሩ፤ የእሷም አለበት።

«መታወቂያዬን ረስቼ ነው፤ መጣሁ» አለች።

ትኩሳቷን እንደያዘች ወጣች። ከኋላዋ ተሰልፎ የነበረው ታካሚ ወደ መዝጋቢዋ አንድ እርምጃ ጠጋ አለ።