የቆሸሸው ሲግናል

«ደሙን አሁን እንዳታጥቢው፤ መርማሪ እስኪመጣ ይቆይ» አለ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ በሩን ገርበብ አድርጎ።

«መርማሪዋ እኔ ነኝ» አለች።

ያሳሳተው የላስቲክ ጓንቷ ነበር። «ይቅርታ እህቴ» ብሎ ገለል አለላት።

ሟቹ ሬዲዮ ክፍሉ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቷል። ከሩቅ ሰዎች ጋር ለሚገናኝበት አማተር ሬዲዮ መጠባበቂያ ኃይል የሚሰጠው የብረት ሳጥን ማጅራቱ ላይ ደጋግሞ አርፏል። የራስ ቅሉ ተከፍቷል፤ ሁለት ጥርሶቹ ኪቦርዱ ላይ ቀርተዋል። ቶሎ አልሞተም፤ ምንጣፉን በጥፍሮቹ ቧጭሮታል።

ለምሳ የመጣው ልጁ ሬሳውን አቅፎ ሲጮህ ጎረቤት ደረሰ። ደም የነካውን ልጅ ገዳይ ነው ብለው ቀጠቀጡት። አሁን አንድ ዓይኑ ተደፍኖ፣ በካቴና ታስሮ፣ ሳሎን ውስጥ በሁለት ፖሊሶች መሀል ተቀምጧል። «አባዬን አልነካሁትም» ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው።

«ሌላ ማን ሊሆን?» አለ አጎቱ፣ የሟቹ ወንድም። «ጠዋት ስለየው ደህና ነበር። በኮምፒውተሩ ጥሪ መላክ ሲጀምር አጠገቡ ነበርኩ። ከዚያ እስከ ምሳ ጋራዤ ነኝ፤ ሠራተኞቼን ጠይቂ።»

የሟቹ የሬዲዮ ጓደኛ፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ ነገሩን አጸናለት። «ክሊኒኬ ሆኜ ጥሪውን በሬዲዮዬ ስክሪን ላይ ሳይ ነው ያረፈድኩት። ከምሳ ትንሽ ቀደም ብሎ ጠፋ።»

«ጥሪው እንዴት ነበር?»

ሐኪሙ አመነታ። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና ቆሻሻ ነበር። የእሱ ሲግናል እንደ ክር ቀጭን ነው። ዛሬ ግን ገና ሲጀምር ስክሪኑን ሞልቶ የሌላውን ሁሉ ሸፈነ። አሞታል እንዴ ብዬ ነበር።»

«የሚያቆሽሸው ምንድን ነው?»

«ከኮምፒውተሩ ወደ ሬዲዮው የሚገባው ድምፅ ሲበዛ ነው። እሱ የሬዲዮው የመለኪያ መርፌ ንቅንቅ ካለች ወዲያው ይቀንሰዋል። እኔን በዚህ ስንት ጊዜ ተቆጥቶኛል መሰለሽ።»

«ፈሪ ነበር» አለ ወንድምየው ፈገግ ብሎ። «ካልጮኽክ ማን ይሰማሃል?»

መርማሪዋ ወደ ሬዲዮው ተመለሰች። የድምፅ ማስተካከያው እስከ ጥግ ተከፍቷል። ኮምፒውተሩ ሰው ሳይነካው ጥሪ እንዲደጋግም ታዟል። ሬዲዮው ጠፍቷል፤ ክዳኑ ግን ገና ይፋጃል።

ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ሬዲዮውን ማንም አላጠፋውም» አለች ወንድምየውን እያየች። «ከአቅሙ በላይ ተነድቶ ሲግል ራሱን አጠፋ። ስለዚህ ጥሪው እስከ ምሳ መቆየቱ ሟቹ በሕይወት እንደነበር አያሳይም። የጀመረው ሰው ድምፁን እስከ ጥግ የከፈተ ነው፤ ሟቹ ደግሞ ይህን አያደርግም፤ ያኔ በሕይወት ቢኖር ኖሮም ወዲያው ይቀንሰው ነበር። ሲጀመር አጠገቡ የነበሩት እርስዎ ነዎት፤ በራስዎ አፍ ነግረውኛል። ልጁ ያን ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ነበር፤ አለቃውን ጠይቄያለሁ።»

«የእሱን የሬዲዮ ፈቃድ ነጥቀውታል» አለ ሐኪሙ ወደ አጎትየው እያመለከተ፣ ቀስ ብሎ። «ሲግናሉ ሰው ይረብሻል ተብሎ። የከሰሰው ሟቹ ወንድሙ ነበር።»

«ዛሬ ደግሞ እጅህን ከሬዲዮዬ አንሳ አለኝ» አለ አጎትየው፣ በረጋ ድምፅ። ከኪሱ ካቻቢቴ መዝዞ ሐኪሙ ትከሻ ላይ እስከ እጀታው ሰካው። ነቅሎ ለአንገቱ ሲሰነዝር ልጁ በታሰሩ እጆቹ የአጎቱን ፊት መታው፤ አፍንጫው ተሰበረ።

ፖሊሶቹ ካቻቢቴውን ያስጣሉት ክንዱን ሰብረው ነው። እሱን ወደ ጣቢያ፣ ሐኪሙንና ልጁን ወደ ሆስፒታል ወሰዷቸው።