ጋሽ አንዳርጋቸው የተናዘዙበት ቀን

ፖሊሱ ሻዊሽ ሉጥፊ አንድ ወረቀት ይዞ ሲመጣ ሰኞ ጧት ነበር፤ ማስተዋል ጠረጴዛዋን ገና ወልውላ አልጨረሰችም። የሱዳኗ የገዳሪፍ ከተማ ፖሊስ አማርኛ የሚያነብለት ሲያጣ የሚመጣው ወደ እሷ ነው። ጦርነት ድንበር ሳያሻግራት በፊት መተማ ፍርድ ቤት አሥራ ስድስት ዓመት በሬጅስትራርነት ሠርታለች፤ አሁን ገበያው ዳር ዳስ ጥላ ለስደተኛውም ለሰሊጥ አጫጁም ማመልከቻና ኑዛዜ ትጽፋለች። ከአንዲት ፍየልና ከአንድ ሬዲዮ በቀር የሚያወርሰው የሌለው ሰው ቢመጣ እንኳ ያለ አራት ምስክር ብዕር አታነሳም። ግትር ናት፤ በግትርነቷም ትኮራ ነበር።

«ቅዳሜ የሞተው የአንዳርጋቸው ኑዛዜ ነው» አለ ሉጥፊ። «የወንድሙ ልጅ አመጣው። አንብቢልኝና ፋይሉን ልዝጋ።»

ወረቀቱ የተጻፈው መስከረም ሃያ ነው ይላል። ትራክተሩና መጋዘን ያለው ሰሊጥ ለወንድም ልጅ ለባንታምላክ፤ መኖሪያ ቤቱ አሥራ አንድ ዓመት አብራቸው ለኖረችው ለበለጠች። የአራት ምስክሮች ስም አለበት፤ አራቱም ለአረም መጥተው ወደ አገራቸው የተመለሱ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ሟቹ ፊደል ያልቆጠሩ ነበሩና ከግርጌው ሰማያዊ የአውራ ጣት አሻራ አርፏል። ማስተዋል አንብባ ስትጨርስ መልሳ ከመጀመሪያው ጀመረችው።

«ምነው?» አላት።

«ሻዊሽ፣ እኚህ ሰው ሐሙስ ዕለት አንተ የተቀመጥክበት ወንበር ላይ ነበሩ። ኑዛዜ እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቁኝ። ስንት ምስክር እንደሚያስፈልግ እንኳ አያውቁም ነበር። አራት ሰው ይዘው ዛሬ እንዲመጡ ነግሬ ሸኘኋቸው።»

«የድሮውን ሊለውጥ ይሆናላ።»

«ሊለውጥ የመጣ ሰው የድሮውን ያነሳል። አላነሱም።»

ከዚያ ወረቀቱን ወደ ፀሐይ አዙራ አሻራውን አየችው። ከታች በኩል፣ አንጓው አጠገብ፣ ሰማያዊውን ቀለም ከዳር እስከ ዳር የቆረጠ ቀጭን ነጭ መስመር አለ። ሉጥፊ ጠባሳ ነው አለ። እሷ ግን ነጠላዋን አንስታ ወደ ለቅሶው ቤት ሄደች።

በለጠች ጓዳ ወስዳ አነጋገረቻት። ቅዳሜ ቀትር ላይ ወፍጮ ቤት ነበረች፤ ስትመለስ ሽማግሌው የቀን እንቅልፋቸውን እንደተኙ ቀርተዋል። ይህን ተናግራ ስታበቃ የማስተዋልን እጅ ያዘች።

«እትዬ ማስተዋል፣ አፈር ስሆንልሽ ያን ወረቀት አትነካኪብኝ። ሰማንያ ሳያስሩልኝ ነው የኖርኩት። ያ ወረቀት ከሌለ እኔ ለዚህ ቤት ማን ነኝ?»

ማስተዋል ሕጉን ታውቀዋለች፤ ለዚች ሴት ያለው መልስ «ማንም አይደለሽም» የሚል ነው። እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀችና ወጣች።

ከለቅሶው ዳስ ሥር የትራክተሩ ሸሪክ ሱፊያን ተቀምጧል። ከጎንደሬዎች ጋር ሠላሳ ዓመት ሠርቶ አማርኛውን አቀላጥፎታል።

«ሸሪክነታችሁን የተዋዋላችሁበት ወረቀት ይኖርሃል?»

«ነሐሴ ላይ ነው ያደስነው» አለና ከኪሱ አወጣላት። የጋሽ አንዳርጋቸው አውራ ጣት ሙሉ ሆኖ አርፎበታል፤ ጠባሳ ብሎ ነገር የለውም።

«ቅዳሜ የት ነበርክ?»

«ቁረይሻ፣ እርሻው ላይ። ትራክተሩ ያለ ናፍጣ ቆሞ ባንታምላክን ስጠብቅ ዋልኩ። ወላሂ፣ ጥላውንም አላየሁ።»

ባንታምላክ ግን ቅዳሜን ቁረይሻ እንደዋለ ለፖሊስ ቃሉን ሰጥቷል።

የመጨረሻው ቄስ ሃየሎም ነበሩ። ሬሳውን ያጠቡትና የገነዙት እሳቸው ናቸው።

«አባ፣ ሲያጥቧቸው ያዩት ነገር ነበር?»

ቄሱ አንገታቸውን ደፉ። «ከንፈሩ ከውስጥ በኩል በገዛ ጥርሱ ተቆርጦ ነበር። ሲያጣጥር ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሁሉም ከለቅሶው ዳስ ሥር ተሰበሰቡ። ባንታምላክ ጥቁር ለብሶ መሐል ተቀምጧል፤ ሉጥፊ ከኋላው ቆሟል።

«ኑዛዜውን እንዳነብላችሁ ነበር የተጠራሁት» አለች ማስተዋል። «ግን የሟች ቃል አይደለም። አባ፣ ሰው ሲገነዝ እጁ ምን ይደረጋል?»

«ሁለቱ አውራ ጣቶች አንድ ላይ በፈትል ይታሰራሉ።»

«ሱፊያን ጋ ያለው አሻራ ንጹሕ ነው። ይሄኛው የፈትል መስመር አለበት። መስከረም ሃያ የተፈረመ ሳይሆን ጋሽ አንዳርጋቸው ከተገነዙ በኋላ፣ ቅዳሜ ማታና እሑድ ቀብር መሐል የተወሰደ ነው።»

ለቀስተኛው ተንጫጫ። ባንታምላክ ብድግ አለ። «ኸላስ፣ በቃ! እኔ ብቻ ነኝ ሬሳው አጠገብ የነበርኩት? ቤቱ ለማን ነው የተሰጠው? እሷን ለምን አትጠይቂም?»

«ፈትሉን ፈትላ ለአባ የሰጠችው በለጠች ናት። ጣት እንደሚታሰር የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ ፈትሉን ይፈታል። አንተ ግን እዚህ ገዳሪፍ አድገህ ግንዘት በዓይንህ አላየህም። መግነዙን ስትገልጥ ታስሮ አገኘኸው፤ ብትፈታው መልሰህ ማሰሩን አታውቅበትም። እንዳለ ቀለም ቀብተህ አተምክበት።»

«ከመሞቱ በፊት ለምን አላስፈረምኩትም ታዲያ?»

«ያኔ ወረቀት አላስፈለገህም። ሐሙስ ዕለት ከእኔ ዘንድ ሲሄዱ አራቱን ምስክር አንተን ልከው እንደሚያስፈልጉ ነግረውኛል። ሁሉን ለበለጠች ሊሰጡ መሰለህ። ሳይናዘዙ ቢሞቱ ብቻህን የምትወርስ መስሎህ ቅዳሜ ቀትር በትራስ አፈንካቸው፤ ከንፈራቸው የተቆረጠው ለዚያ ነው። ማታ ለቅሶ ላይ ግን አባ አገር ቤት ላሉት ሌሎች ስድስት የወንድምና የእህት ልጆች መርዶ ይነገር አሉ። ለሰባት መካፈል አልዋጥልህ አለና ይህን ወረቀት ጻፍክ፤ ቤቱን ለበለጠች ያደረግከው አፏን ለማስያዝ ነው።»

«ከሬሳው ጋር ብቻዬን ስሆን ማን አየኝ? ምስክር አምጪ!»

ሰዉ ሁሉ ወደ በለጠች ዞረ። ማስተዋልም አብራ ዞረች።

«በለጡ፣ ከመናገርሽ በፊት እወቂው። ወረቀቱ ከወደቀ ቤቱም አብሮ ይሄዳል። ሕጉ አንቺን አያውቅሽም።»

ሉጥፊ ምስክሩን የምታሸሽበት መስሎት በንዴት አፈጠጠባት። በለጠች የነጠላዋን ጫፍ ስትጠቀልል ቆየች።

«እሑድ ጧት ብቻዬን ልሰናበታቸው ብሎ አስወጣኝ» አለች። «ሲወጣ ውሃ አፍስሺልኝ አለ። ያስታጠብኩት እኔ ነኝ። ከእጁ የወረደው ውሃ ሰማያዊ ነበር። ወረቀቱ ሲመጣ ገባኝ፤ ቤቱ አጓጉቶኝ ዝም አልኩ። መግደሉን ግን አላወቅሁም። እግዜር ይይልኝ፣ አላወቅሁም!»

ሉጥፊ የባንታምላክን እጅ ወደ ኋላ አሰረ። ሊወስደው ሲል በለጠች ማስተዋልን ጠራቻት።

«ሐሙስ ዕለት ምን ብለው ሊያጽፉ ነበር የመጡት?»

ማስተዋል ባትመልስ በወደደች። «ቤቱን ለአንቺ፤ ትራክተሩንና ሰሊጡን ለባንታምላክ።»

ባንታምላክ እንደታሰረ መሬት ላይ ተቀመጠ። አተመበት የተባለው ወረቀት ከአጎቱ ሐሳብ በአንድም ነገር አይለይም ነበር። ሉጥፊ ብብቱ ሥር ገብቶ ደግፎ ወሰደው።

«ቃላቸውን ሰምተሻላ! ጻፊዋ!» አለች በለጠች።

«የሰማሁት ብቻዬን ነው። ሐሙስ ዕለት ከመንገድ አራት ሰው ጠርቼ ብጽፍላቸው ኖሮ እሳቸውም ባልሞቱ፣ ቤቱም ያንቺ በሆነ።»

በለጠች አልሰደበቻትም፤ ብትሰድባት ይሻላት ነበር። ከመቀነቷ የቤቱን ቁልፍ ፈታ ወራሾቹ እስኪመጡ ይያዙት ብላ ለቄሱ ሰጠችና ልብሷን ልትሰበስብ ወደ ውስጥ ገባች።