እንብላ ያልኩበት ሳህን

ፈጠራ ነው የሚል ካለ መብቱ ነው። እኔም ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር።

ግን ሆኗል። በእኔና በሚስቴ ላይ፣ እዚሁ ካልጋሪ፣ ባለፈው ቅዳሜ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ።

ሌሊት አልነበረም። መብራትም አልጠፋም። ፀሐዩ የጓሮው በረዶ ላይ አርፎ ዓይን ይወጋ ነበር።

ስሜ ቴዎፍሎስ ነው። ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል በሚባል ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት እነዳለሁ። እኔ አገር ቤት ነው ያደግኩት፤ ሚስቴ ናሆሚ ግን እዚሁ ካልጋሪ ተወልዳ ያደገች ናት። ቤታችን ከከተማው ጫፍ ወጣ ብሎ፣ ቸስተርሚር ነው።

ናሆሚ ምግብ ትወዳለች። መውደድ ስላችሁ... ሌላው ሰው ለጉዞ ልብስ ሲያጥፍ እሷ የምግብ ቤት ስም ትመዘግባለች። ከተጋባን ሁለት ዓመት ቢያልፈንም የጫጉላ ጉዞ አላደረግንም ነበር። ጥር ላይ ተሳካልን።

"ሃኖይ መንገድ ዳር እንበላለን። ቪየና ደግሞ ላይክ ሪች ፒፕል" አለችኝ።

እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

...

ሃኖይ በገባን በማግስቱ፣ እኩለ ቀን ላይ ነው።

ከጉልበት የማያልፉ የፕላስቲክ ወንበሮች ላይ ተቀመጥን። የናሆሚ ሾርባ ቀድሞ መጣ። የእኔ ገና ነው።

ከመንገዱ ማዶ አንዲት ሴትዮ ተቀምጣለች። ፊቷ ያለው ጠረጴዛ ባዶ ነው።

የምታየው እኛን አይደለም... ሳህኑን ነው።

እኔ ደግሞ ያደግኩበት ነገር አለ። ስትበላ ሰው ካየህ "እንብላ" ትላለህ። ያየህም ሰው "ብሉ" ብሎህ ያልፋል። የምር መጥቶ የሚቀመጥ የለም። እናቴ "እንብላ ያላልከው ሰው ዓይን ጉሮሮህ ላይ ይቆማል" ትለን ነበር።

ቀልድም ልማድም ሆኖብኝ የናሆሚን ሳህን ብድግ አድርጌ ወደ ሴትዮዋ ዘረጋሁ።

"እንብላ!" አልኳት፣ በአማርኛ።

ናሆሚ በሳቅ ፈነዳች። "ቴዲ! ሺ ዳዝንት ስፒክ አማርኛ!"

ሴትዮዋ ግን... ተነሳች።

መንገዱን ማቋረጥ ጀመረች። የሞተር ሳይክል መንጋ በመሀላችን አለፈ። አልፎ ሲያበቃ ሴትዮዋ የለችም።

ትንሽ ቆይታ ሾርባ ሻጯ የእኔን ሳህን አመጣች። ተመልሳ ሄደች። ሦስተኛ ሳህን ይዛ መጣች። አጠገባችን ባለው ባዶ ወንበር ፊት አስቀመጠችው።

"ሁለት ነን" አልኳት በጣቴ።

ወንበሩን አየች። እኔን አየች። ከዚያ ማንኪያውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ... ለወንበሩ አቀበለች።

"ዊርድ" አለች ናሆሚ እየሳቀች።

ሁለት ሦስቴ ከቀመሰች በኋላ ግን ሳቋ ቆመ።

"ቴዲ... ምንም ቴስት የለውም።"

የእኔ ይጣፍጥ ነበር። ጥርግ አድርጌ በላሁት። አሁን ሳስበው በራሴ አፍራለሁ።

...

ቪየና ላይ አንድ ውድ ምግብ ቤት ቦታ የያዝነው ከሦስት ወር በፊት ነው። ለእራት ሞልቶ ስለነበር ለምሳ። ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራ አስተናጋጅ፣ በየተራ የሚመጣ ሰባት ዓይነት ምግብ።

አስተናጋጁ ወደ ጠረጴዛችን መራን። ለሦስት ሰው ተዘጋጅቷል።

ናሆሚ ስልኳን አውጥታ አሳየችው። "ቴብል ፎር ቱ ነው ያልነው።"

ሰውየው አነበበ። ይቅርታ ጠየቀ። ሦስተኛውን ሳህን ግን አላነሳም። ወንበሩን ወደ ኋላ ሳብ አደረገው... ጠበቀ... ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ጠረጴዛው ገፋው። ሰው ሲያስቀምጡ እንደሚያደርጉት።

እኔ በሆዴ "የሀብታም ቤት ወግ ይሆናል" አልኩ። ገጠሬ እንዳልመስል ብዬ አልጠየቅኩም።

ሦስት ሳህን ይመጣል። ሦስት ይነሳል። ሦስተኛው እንደመጣ ሳይነካ ይመለሳል።

ናሆሚ የራሷን ጨርሳ የዳቦውን ቅርጫት ባዶ አደረገችው።

"ርቦኛል" አለች በሹክሹክታ። "አይ አም ሲሪየስ ቴዲ። እየበላሁ እየራበኝ ነው።"

አስተናጋጁ መጥቶ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ አለ። የሚናገረው እንግሊዝኛ ነው፤ እያንዳንዱ ቃል ግን ዛሬም ይሰማኛል።

"እመቤቲቱ ምግቡ አልተስማማቸውም?"

"ሚስቴ? ደህና ናት። እየበላች ነው።"

"ሚስትዎን አይደለም" አለኝ። "ሌላዋን ነው። የራሳቸውን አይነኩም... ከሚስትዎ ሳህን ብቻ ነው የሚበሉት።"

ክው አልኩ። ናሆሚ አልሰማችም።

እጇን ይዤ ወጣሁ። አልነገርኳትም። ምን ብዬ እነግራታለሁ?

...

ካልጋሪ ስንመለስ ትለቀን ይሆናል ብዬ ነበር። ምድሩ ሌላ፣ አየሩ ሌላ።

ናሆሚ ከጉዞው በፊት ሃምሳ ስምንት ኪሎ ነበረች። በየካቲት መጨረሻ አርባ ስድስት። ትበላለች እኮ! ከእኔ እጥፍ ትበላለች። ሆዷ ግን ከጀርባዋ ተጣብቋል። ሐኪም ጋ ወሰድኳት። ደም፣ ሽንት፣ ሆድ ዕቃ፣ ታይሮይድ፣ ሁሉም ኖርማል ነው አሉን።

አንድ ቀን መኪና ውስጥ እንብላ አልኳት። ወንበር የለ፣ ጠረጴዛ የለ። መስኮት ላይ የሚያቀብሉበት አንድ በርገር ቤት ሄድን። ለሁለት ሰው አዘዝኩ።

አስተናጋጇ በመስኮቱ ሦስት ከረጢት ዘረጋችልኝ።

"ሁለት ነው ያዘዝኩት።"

ወደ ኋላ ወንበር አየት አድርጋ ፈገግ አለች። "ለእሳቸውስ?"

ዘወር አልኩ። ማንም የለም።

የኋላው ቀበቶ ግን ታስሯል።

...

እኔ ድስት ከፍቼ አላውቅም። ከሥራ ስመለስ ቀርቦ ነው የማገኘው። እፍረቴን ነው የምነግራችሁ። ራሷን እያዞራት፣ ግድግዳ እየያዘች፣ የምታቀርበው ናሆሚ ነበረች።

ሁልጊዜ ሦስት ሳህን።

"ለምን ሦስት?"

"አይ ዶንት ኖው... ልማድ።"

ይህን ስትለኝ ዓይኔን አታይም።

ባለፈው ሳምንት ሐሙስ አክስቷ እትዬ የዓለምወርቅ ከጎረቤት ከተማ ከኤርድሪ ድስታቸውን ጭነው መጡ። ናሆሚን ሲያዩ እንባቸው መጣ፤ ዋጥ አደረጉትና "ቁጭ በሉ፣ እኔ ላቅርብ" አሉ።

ወጡን ጭልፈው ወደ ናሆሚ ሳህን ሲያዘነብሉ... እጃቸው ቆመ።

"ይህች ደግሞ ማናት?"

"የቷ እትዬ?"

ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ መለሱት። ዓይናቸውን አሹ። ባዶውን ወንበር ደጋግመው አዩ። ምንም ሳይሉ ክንዴን ይዘው ጋራዥ አስገቡኝና በሩን ዘጉ።

"ማንን ነው የጠራኸው?" አሉ በሹክሹክታ።

ሁሉንም ነገርኳቸው።

"በማን ሳህን?"

ወደ ጋራዡ በር አየሁ።

"ቴዎፍሎስ። በማን ሳህን ነው እንብላ ያልከው?"

"በ... በናሆሚ። የእኔ አልመጣም ነበር።"

እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። "አንተ ልጅ! በሰው ምግብ እንብላ ይባላል?"

"እትዬ፣ ቀልዴን እኮ ነው።"

"ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እንግዳው ሳይጠግብ ባለቤቱ እጁን አይሰበስብም፤ ወጉ ይኸው ነው። ያቺ ደግሞ የምትጠግብ አትመስልም። ልጄ ምን ትሁን?"

"ምን ላድርግ? ይንገሩኝ።"

"እኔስ ምን አውቄ... በራስህ ሳህን ጥራት። አንተው ሠርተህ፣ አንተው አቅርብ። የሚያቀርብ ሰው ነው መሰለኝ የሚያያት። እሺ ካለችህ ወደ አንተ ትዞራለች።"

"ከዚያስ እኔ?"

ጋራዡ ውስጥ ቆመው ያለቅሱ ነበር።

...

ቅዳሜ። ሰባት ሰዓት ተኩል።

ምስር ወጥ ሠራሁ። ሥሩ አርሯል። ናሆሚን ብርድ ልብስ አልብሼ ጠረጴዛው ጋ አስቀመጥኳት። ተሸክሜ ነው ያመጣኋት፤ ክብደት የላትም።

ለእሷ አቀረብኩ። ከዚያ ለራሴ ጨለፍኩ።

ጭልፋው እጄ ላይ እያለ... አየሁ።

እጇን ብቻ ነው ያየሁት። ቀኝ እጅ ነው፤ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አርፏል። ታጥባ ተዘጋጅታለች። ውሃው ከጣቶቿ ጫፍ ጠብ... ጠብ... ይላል። ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ፣ በደንብ የበላ ሰው እጅ ነው።

"ዶንት ሉክ" አለች ናሆሚ። ከንፈሯ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው።

"ታይያታለሽ?"

"ኤቭሪ ደይ። ሳቀርብ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ቢኮዝ... አንተ ነህ የጠራሃት። ስታውቅ እንዳታዝን ብዬ።"

እግዜር ያሳያችሁ። አርባ አንድ ኪሎ ቀርታ፣ የምታስበው ለእኔ ነበር።

የራሴን ሳህን በሁለት እጄ አነሳሁ። ወደ ወንበሩ ዘረጋሁ።

"እማማ... ከእኔ ሳህን እንብላ። እባክዎ። እሷን ይተዉልኝና ከእኔ እንብላ።"

ጠብታው ቆመ።

የፍሪጁም ድምፅ ቆመ።

ቆይቶ... መልስ መጣ። የመጣው ከናሆሚ አፍ ነው።

ናሆሚ እንግሊዝኛ ሳትቀላቅል አንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሳ አታውቅም። ይህ ግን የጠራ አማርኛ ነው። የአሮጊት ድምፅ። የጨዋ ሰው ድምፅ።

"ብላ ልጄ... ብላ። እኔ እዚህ ጀምሬያለሁ። የጀመሩትን ትቶ መነሳት ነውር ነው።"

ከዚያ የናሆሚ ግንባር ጠረጴዛው ላይ ወደቀ።

...

አምቡላንስ መጣ። ሆስፒታል አስተኟት።

ሐኪሙ "ሰውነቷ ከምግብ ምንም እየወሰደ አይደለም። ለጊዜው በደም ሥሯ እንመግባታለን" አለኝ።

ሳቅሁ። ሰውየው እብድ ሳልመስለው አልቀረም። ደስ ብሎኝ እኮ ነው! ሳህን የለ፣ ማንኪያ የለ፣ ጉርሻ የለ። ቀጥታ ከከረጢቱ ወደ ደሟ። ማን መሀል ይገባል? ከሃኖይ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ አየር ሳብኩ።

ነርሷ የምግቡን ከረጢት ይዛ ስትገባ ፊቴን ልታጠብ ወጣሁ። አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው።

ስመለስ ነርሷ እየወጣች በር ላይ ተገናኘን። ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ።

"አይዞህ" አለች። "ሁለቱም ደህና ሆነዋል።"

"ሁለቱም?"

ኮሪደሩን ይዛ ሄዳለች።

ገባሁ። ናሆሚ ዓይኗን ጨፍናለች። ከመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ አልጋውን ሞልቶታል። ከአልጋው ማዶ ለጠያቂ የሚሆን አንድ ወንበር አለ። ባዶ ነው።

ከረጢቱን ቀና ብዬ አየሁ።

ከከረጢቱ ሁለት ቀጫጭን ቱቦ ይወርዳል።

አንደኛው ናሆሚ ክንድ ላይ ይገባል። ሁለተኛው በአልጋው ብረት ላይ ተሻግሮ... ወደ ወንበሩ ይሄዳል። ከወንበሩ የክንድ መደገፊያ አንድ ጣት ከፍ ብሎ አየር ላይ ቆሟል። ጫፉ ላይ ነጭ ፕላስተር ተጠቅልሏል፤ ክብ ሆኖ፣ በአንድ ወፍራም ክንድ ልክ።

የናሆሚ ቱቦ ውስጥ ምንም አይንቀሳቀስም።

በወንበሩ በኩል ግን ይወርዳል... ይወርዳል... ከረጢቱም ዓይኔ እያየ ወደ ውስጥ እየተጨማደደ ነው።