ሁለት ፎቶ፣ አንድ ጭን

ይህ በእውነት የሆነ ነገር ነው።

የማያምን ካለ አልጣላውም። ደሴ ይምጣና ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር ሲደርስ የሰልዋን ቤት ይጠይቅ፤ ያሳዩታል። ብቻ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እንዳይሄድ።

አዎ፣ በቀን። ሰው የሚፈራው ጨለማን ነው። ይሄ ነገር ግን ሌሊት መጥቶ አያውቅም።

እኔ የሠርግ ቪዲዮ አቀናባሪ ነኝ። መቼም የዘንድሮ ሠርግ ያለ ስክሪን አይሆንም... ሙሽሮቹ ከሕፃንነታቸው ጀምረው በፎቶ ካልታዩ ለእድምተኛው ምግቡ አይዋጥለትም። ፎቶዎቹን በዓይኔ አይቻለሁ። የቀረውን ሰልዋ በአንደበቷ ነው ያጫወተችኝ።

ኒካሕ ሊታሰርላት ስድስት ቀን ቀርቷት ነበር። የራሷን የልጅነት ፎቶ ካሳደጓት አክስቷ ከሐጃ ከይሪያ ሣጥን አወጣች። የእጮኛዋን የጁነይድን ደግሞ እናቱ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ ላኩላት።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ። ደሴን ጉም ውጧታል። ሰልዋ ፎቶዎቹን አልጋዋ ላይ ደረደረች።

የመጀመሪያው የራሷ ነው። የአርባ ቀን ልጅ ሆና፣ በአንዲት ሴት ጭን ላይ። ሴትዮዋን በወሬ ታውቃታለች። እናቷ በወሊድ ስለሞተች ያጠባቻት ሴት ናት።

ሁለተኛው የጁነይድ...

እጇ ቀጥ አለ።

ያቺው ሴት።

ያው ባለ አበባ ቀሚስ። ያው ጥቁር ሻሽ። በግራ ጡቷ በኩል ቀሚሱን ያራሰው ያው የወተት እድፍ... ከአንድ ብር ሣንቲም አይበልጥም፣ አያንስም።

ጁነይድ ሰልዋን በሁለት ዓመት ይበልጣታል። ሁለት ዓመት ሙሉ የማይደርቅ ምን ዓይነት ወተት ነው?

ሰልዋን መጀመሪያ ያስደነገጣት ግን እድፉ አልነበረም። ከአንድ ጡት የጠቡ ወንድምና እህት ናቸው። አይጋቡም፤ ሐራም ነው። አራት ዓመት የጠበቀችው ሰው በሁለት ቁራጭ ወረቀት ሊቀርባት ነው።

ደወለችለት።

«ጁነይድ... ፎቶው ላይ የያዘችህ ሴት ማን ናት?»

«አጥቢዬ ናት ይሉኛል። ያኔ ደሴ ነበርን፤ እማ ታማ በተኛች ጊዜ... ትኩሳቱ አስቷት ስለነበር መልኳን እንኳን አታስታውሰውም። ምነው?»

«ምንም... አብሽር» ብላ ዘጋችው። ፎቶዎቹን ይዛ ወደ ሳሎን ወጣች።

ሐጃ ከይሪያ ሶላታቸውን ጨርሰው መስገጃቸውን እያጠፉ ነበር። ፎቶውን ሲያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ማን እንደላካት አላውቅም ልጄ። ጎረቤት የላካት መስሎኝ ነበር። በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ትመጣለች... ታጠባሻለች... ትሄዳለች።»

«ምንም አትልም?»

«ምንም። ብዪ ብላት፣ ጠጪ ብላት እምቢ። ያረቢ... ውሃ እንኳን ቀምሳ አታውቅም። ለመታሰቢያ ብዬ ፎቶ ቤት የወሰድኳት እኔ ነኝ።»

ከሁለቱም ፎቶ ጀርባ ያለው ማኅተም አንድ ነው፤ ሰኞ ገበያ የነበረ ፎቶ ቤት። ከተዘጋ ቆይቷል። ባለቤቱ ጋሽ ጣሀ ግን እዚያው ጓሮ ይኖራሉ፤ የደንበኞቻቸው መዝገብም አብሯቸው ይኖራል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ?

ሰኞ ዕለት በገበያተኛው መሐል እየተጋፋች ሄደች።

ጋሽ ጣሀ ፎቶዎቹን አንዴ ብቻ አዩና በፊታቸው ደፏቸው። መዝገቡን ገለጡ።

ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና፦ «ወርቄ፣ ከሕፃን ጋር።» ያቺ ሕፃን ሰልዋ ናት።

ሰማንያ ስምንት፦ «ወርቄ፣ ከሕፃን ጋር።» ያ ደግሞ ጁነይድ።

ከዚያ ከአልጋቸው ሥር ሌላ መዝገብ ጎተቱ። ወረቀቱ ቡኒ ሆኗል።

ስድሳ ስድስት፦ «ወርቄ፣ ከሕፃን ጋር።»

በገጾቹ መሐል አንድ ፎቶ ነበር። ያው ቀሚስ። ያው እድፍ። ጭኗ ላይ ያለው ሕፃን ግን ፊቱ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል።

«ተኝቶ ነው?» አለች ሰልዋ በሹክሹክታ።

«ሞቶ ነው።»

ውጪ አንድ ነጋዴ ሽንኩርት እያለ ይጮሃል።

«ያ ክፉ ቀን ነበር» አሉ ጋሽ ጣሀ። «ከቢስቲማ በእግሯ ነው የመጣችው። ጡቷ ደርቆ ነበር። እዚህ ሰው እህል አቀመሳት፤ ወተቷም መጣ... ልጁ ከሞተ በኋላ። መልኩን አስቀሩልኝ ብላ ለመነችን።»

«እሷስ... የት ሄደች?»

«በሦስተኛው ቀን ቀበርናት። አፈር ያለበስኳት በዚህ እጄ ነው።»

«ታዲያ እኔን... ማን አጠባኝ?»

«በሰማንያ ስምንትም፣ አክስትሽ ይዘዋት ሲመጡም ወዲያው ነው ያወቅኋት። ስምሽ ማነው ስላት በጆሮዬ ያንኑ ስም ነገረችኝ።»

«አውቀው ዝም አሉ?»

ጋሽ ጣሀ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩዋት።

«አንቺ እየጠባሽ ነበር። ከጡት ላይ ነጥቄሽ ምን ልስጥሽ?»

እስከ በሩ ሸኟት። እዚያ ሲደርሱ እጇን ያዙ።

«የፈለጋችሁትን አድርጉ። እናትነቷን ግን እንዳትክዷት። ሌላ ምንም የላትም።»

ሰልዋ ሰምታለች። አልሰማሁም ብላ አታውቅም።

ለጁነይድ ሁሉን ነገረችው። ኒካሑን የሚያስሩት ሸህ የጁነይድን ጥያቄ ሰምተው መዝገቡንም አዩ። «በስድሳ ስድስት የሞተች ሴት በዘጠና አታጠባም። መልክ ይመሳሰላል» አሉ። ቀጥለው ወደ ሐጃ ከይሪያ ዞሩ። «ግን እርስዎ በዓይንዎ ያዩት ነገር ካለ ይናገሩ።»

ያን ዕለት ጠዋት ሰልዋ የአክስቷን ጉልበት ይዛ አልቅሳ ነበር።

ሐጃ ከይሪያ ወደ ሰልዋ አዩ።

«ወላሂ... እንዲህ ያለች ሴት ቤቴ መጥታ አታውቅም። በላም ወተት ነው ያሳደግኳት።»

ኒካሑ ታሰረ። ሁለቱ ፎቶዎች ስክሪን ላይ አልወጡም፤ ሰልዋ በእጇ ከሰል ላይ ጣለቻቸው። ደስ ብሏት ነበር። አፍራም ነበር።

በዓመቱ ወንድ ልጅ ወለደች።

ሕፃኑ ጡቷን አልይዝ አለ። አፉ ላይ ስታደርግለት ፊቱን ያዞራል። በጡጦም ሞከሩ፤ እምቢ። በረሃብ ግን አያለቅስም። ጡቷ ተወጥሮ እንደ ድንጋይ ጠጠረ፤ በሕመም ታለቅሳለች። በሃያኛው ቀን ተጨንቃ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ነርሷ ሚዛን ላይ አስቀመጠችውና ሳቀች።

«ማሻአላህ! አንድ ኪሎ ጨምሯል። ጡትሽ ይባረክ!»

ሰልዋ ልጇን ከሚዛኑ ላይ ነጥቃ አነሳች።

ቤት ገብታ አስተኛችው። ጉሙ ሲወርድ አይታ የተሰጣ ልብስ ልታነሳ ወጣች። አምስት ደቂቃ እንኳን አልቆየችም።

ስትመለስ ሐጃ ከይሪያ የመኝታ ቤቱን በር ደግፈው ቆመዋል። እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል።

«እማ... አሳልፉኝ።»

«ቀስ...» አሉ በሹክሹክታ። «ገና አልጠገበም።»

«ማን ነው ውስጥ ያለው?»

«በሐሰት ማልኩባት ሰልዋ። አሁን በየትኛው አፌ ልከልክላት?»

የግድግዳው ሰዓት ስምንት ከሩብ ይላል።

ሰልዋ በአክስቷ ትከሻ ላይ አሻግራ አየች። ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም። ሕፃኑ ብቻውን ነው። ጉንጮቹ ይሰረጉዳሉ... ይሞላሉ... ይሰረጉዳሉ። ጉሮሮው ይውጣል። በአገጩ ላይ ነጭ ወተት ይንጠባጠባል።

ከዚያ አፉን አላቀቀ።

ቀስ ብሎ ከአልጋው ከፍ አለ። የሃያ ቀን ልጅ፣ ማንም ሳይዘው፣ ቀጥ አለ። አገጩ አየሩ ላይ አረፈ፤ ትከሻ ላይ የሚያርፍ ያህል።

የሸሚዙ ጀርባ ቸብ... ቸብ... ቸብ ተደረገ።

እንደ ጠገበ ልጅ አገሳ።